ጥርስ የሚጀምርበት ጫፍ

«ስንት ቶን ነው የሚጭነው?» አሉ ሸራ ሰፊው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው።

«አርባ ኪሎ» አለች ጓደኛዬ።

«አርባ ኪሎ የሚጭን ምን ዓይነት መኪና ነው?»

«መኪና አይደለም ጋሼ። ውሻ ነው። የውሻ አልጋ ላሠራ ነው።»

መርካቶ፣ ሸራ ተራ ነን። ከሰውየው ጀርባ የጭነት መኪና ሸራ ተጠቅልሎ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል፤ ሰማያዊው አዲስ ነው፣ አረንጓዴው አገልግሎ የተመለሰ ነው፣ የናፍጣና የአቧራ ሽታው አልለቀቀውም። ሁለቱ ረዳት ልጆች ተያይተው ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም። ሙያ ያለው ሰው እንግዳ ትእዛዝ ሲመጣለት ከመሳቅ በፊት መጠየቅ ይቀናዋል። «የሚያስቸግረው በጥርሱ ነው በጥፍሩ?» አሉ።

ስለ ውሻ አልጋ ከሰማሁትና ካነበብኩት ሁሉ ይህን ያህል ቁም ነገር ያለው ጥያቄ አላጋጠመኝም።

ሰበቡ የጓደኛዬ ውሻ ነብሮ ነው። ሦስት ዓመት ያለፈው ወንድ ጀርመን ሼፐርድ፣ አያት አካባቢ ባለ ግቢ ውስጥ የሚኖር። መጀመሪያ የተሰጠው ከቤት የተረፈ ስፖንጅ ፍራሽ ነበር፤ በማግስቱ ግቢው በቢጫ ፍርፋሪ ተሸፍኖ ተገኘ። ብርድ ልብስ ተሰጠው፣ ተለተለው። ጆንያ በጭድ ተሞልቶ ተሰፋለት፣ ስፌቱን ፈታው። በመጨረሻ አሜሪካ የሚኖረው ወንድሟ ለእረፍት ሲመጣ የሻንጣውን ግማሽ የያዘ አልጋ አመጣላት፤ ማሸጊያው ላይ በምንም ጥርስ እንደማይበገር ተጽፎበታል። ዚፑ እስከ ንጋት ቆየ። አምራቹ የተበላሸ ዕቃ ይቀይራል፤ ከአዲስ አበባ መልሶ ለመላክ የሚከፈለው ግን አልጋው ከተገዛበት ይበልጣል።

ጎረቤቶቿ ይስቁባታል። «ውሻ አይደል እንዴ? ሲሚንቶው ላይ አይተኛም?» ነገሩ እውነት ይመስላል። የገጠር ውሻ ምድጃ ዳር አመድ ላይ፣ አውድማ ዳር ገለባ ላይ ተኝቶ ኖሯል። ልብ ካልን ግን አመድም ገለባም ለስላሳ ነው፤ አመዱ እንዲያውም ሙቀት አለው። ያ ውሻም እንደዛሬዎቹ ግዙፍ አልነበረም። የጀርመን ሼፐርድ ወንድ በዝርያው መመዘኛ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ይመዝናል። ሮትዋይለር 50 ኪሎ አካባቢ ነው። አሁን አሁን በየግቢው የሚታየው ካውካዢያን ደግሞ ከ50 በታች ከሆነ እንደ ወንድ አይቆጠርም።

ይህን የሚያህል እንስሳ ሲጋደም ክብደቱ የሚያርፈው በጥቂት ነጥቦች ላይ ነው። ዋናው ክርኑ ነው። የውሻ ክርን ከቆዳና ከአጥንት በቀር ይህ ነው የሚባል ሥጋ የለውም። በየቀኑ ሲሚንቶ ላይ ሲያርፍበት ፀጉሩ ይረግፋል፣ ቆዳው ይደነድናል፤ አንዳንዴም ከቆዳው ሥር ፈሳሽ ተጠራቅሞ ያብጣል። የእንስሳት ሐኪሞች ሃይግሮማ ይሉታል። መጀመሪያ ላይ ሲነኩት አያመውም፤ ስለዚህ ባለቤቱ ችላ ይለዋል። በመርፌ ቢቀዳ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይሞላል፣ መርፌው ራሱም ቁስል ይዞ ሊመጣ ይችላል። መፍትሔው የሚጀምረው ከመኝታው ነው። እነዚህ ትላልቅ ዝርያዎች የዳሌ መጋጠሚያ ችግርም ስለሚበዛባቸው ጠንካራና ቀዝቃዛ ወለል ሁለት ጊዜ ይጎዳቸዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሲሚንቶ ምን እንደሚመስል በባዶ እግሩ የረገጠው ያውቀዋል።

ወደ ሰውየው ጥያቄ ልመለስ። በጥርስ ነው በጥፍር?

የተበላሸ አልጋ ሬሳው ይናገራል። መሃሉ ተቧጭሮና ተበስቶ ዳሩ ደህና ከሆነ ሥራው የጥፍር ነው። ውሻ ከመተኛቱ በፊት ይዞራል፣ ይቆፍራል፣ መኝታውን ያደላድላል፤ ከዱር ዘመዶቹ የወረሰው ልማድ እንደሆነ ይገመታል። እንዲህ ያለው ውሻ አልጋውን ሊያጠፋው አላሰበም፣ እያነጠፈ ነው። ጥግ ጥጉ ተበልቶ ሆድ ዕቃው ከተዘረገፈ ግን ጥርስ ነው፤ ይህ ደግሞ ጨዋታም አደንም ነው፤ ለስላሳ ነገር ሆዱን ቀዶ ውስጡን ማውጣት ለውሻ የቆየ ደስታ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ረጥቦ የተመጠጠ ከሆነ እንደ ሕፃን የሚጠባ ውሻ አለ ማለት ነው። አልጋውም በሩም የመስኮቱ ደፍም አብረው ከተቦጫጨቁ ጉዳዩ የአልጋ አይደለም፣ የፍርሃት ነው። ዕድሜም ይታያል። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው፤ እነዚህ ከሦስት ወር ከምናምን ጀምሮ እየወደቁ እስከ ሰባት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ በ42ቱ ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ። በዚያ ወቅት ያገኘውን የማያኝክ ቡችላ የለም፤ ለእሱ ውድ አልጋ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፣ አሮጌ ፎጣ ይበቃዋል።

ነብሮ በሁለቱም ነበር። መጀመሪያ ይቆፍራል፣ ጥፍሩ አንድ ክር ሲያነሣለት ጥርሱ ይረከባል።

የሱቅ አልጋ የሚሸጠው በጨርቁ ውፍረት ነው። ማሸጊያው ላይ ዴኒየር የሚል ቁጥር ይጻፋል፤ የ9,000 ሜትር ክር ስንት ግራም እንደሚመዝን የሚናገር ልኬት ነው። የተማሪ ቦርሳ ብዙ ጊዜ 600 ነው። 1,000ም 1,680ም የሚሉ አልጋዎች አሉ። የጨርቁ ስም ደግሞ ያስደነግጣል፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦር አውሮፕላን ሠራተኞች የፍንጣሪ መከላከያ ጃኬት እንዲሆን የተሠራው ወፍራም ናይለን ዛሬ ለሻንጣና ለውሻ አልጋ ማስታወቂያ ይጠራል። ፍንጣሪ ያቆመ ጨርቅ ውሻ እንዴት ያሸንፈዋል? የሚያሸንፈው ፍንጣሪ ስላልሆነ ነው። ፍንጣሪ ይመታል፤ ውሻ ይቆነጥራል፣ ከዚያ ይጎትታል።

ሰዉ የሚፈራው አራቱን ክራንቻ ነው። አልጋ የሚፈታው ግን በአሥራ ሁለቱ የፊት ጥርሶች ነው፤ ስድስት ከላይ፣ ስድስት ከታች። ትንንሾች ናቸው፣ ቁንጫ ከፀጉር ሥር ለቅመው ያወጣሉ፤ የስፌት ክር፣ የዚፕ ምላስ፣ የታተመ ምልክት ጫፍ ለእነሱ ቀላል ሥራ ነው። አንዴ ቀዳዳ ከተገኘ ደግሞ የጨርቁ ብርታት ትርጉም ያጣል። ሙሉ ጨርቅ ሲጎተት ኃይሉ ለብዙ መቶ ክሮች ይካፈላል። የተቀደደ ጨርቅ ሲጎተት ግን ኃይሉ ሁሉ ቅዱ ጫፍ ላይ ባሉት ሁለት ሦስት ክሮች ላይ ያርፋል፤ እነሱ ሲበጠሱ ተራው የቀጣዮቹ ነው። ጨርቅ ሻጭ ናሙናውን ይዞ መሃሉን በጥፍሩ እየፋቀ «እየው!» ሲል የሚያሳየው ውሻው የማይጀምርበትን ቦታ ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ውሻ አልጋ ሲፈለግ መጠየቅ ያለበት ጨርቁ ምን ያህል ወፍራም ነው አይደለም። ጫፉ የት ነው ነው።

ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አለመሆኑንም እዚህ ላይ ልናገር። ውሻ የተዋጠ ስፖንጅና ጨርቅ ሁልጊዜ አያወጣውም። አንጀት ይዘጋል። ከሁሉ የከፋው ረጅም ክር ነው፤ አንዱ ጫፉ ተይዞ ሌላው ወደ ታች ሲጓዝ አንጀቱን ይሰበስበዋል፣ ሊቆርጠውም ይችላል። ጨርቅ በራጅ ላይ ጎልቶ ላይታይ ይችላል። አልጋውን ቀዶ ባደረበት ማግስት ደጋግሞ የሚያስመልስና ምግብ የሚተው ውሻ እስከ ነገ የሚቆይ ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል።

ጫፍ የሌለው አልጋ ከየት ይመጣል? ጓደኛዬ መጀመሪያ ያሰበችው የአያቶቻችንን ጠፍር አልጋ ነው። ሐሳቧ ቅርጹን በተመለከተ ፍጹም ትክክል ነበር። አራት እግር፣ አራት አግዳሚ፣ መሃሉ ላይ የተወጠረ ነገር፤ ከወለል ከፍ ያለ፣ ከሥሩ አየር የሚያሳልፍ፣ ስፖንጅ የሌለው። በአሜሪካ በውሻ ማቆያዎች በብዛት የሚታየው ከፍ ያለ አልጋ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ኩራንዳ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ለምሳሌ የአሉሚኒየም ክፈፍ ነው፣ ብልሃቱ ደግሞ የጨርቁ ጠርዝ ክፈፉ ውስጥ ገብቶ መደበቁ ነው። የተወጠረና ጠፍጣፋ የሆነን ነገር ውሻ ሊነክሰው አይችልም። ክራንቻዎቹ ቀድመው ስለሚወጡ እንደ ከበሮ ቆዳ በተነፋ ገጽ ላይ ጥርስ ይንሸራተታል፤ ለመቆንጠጥ የሚታጠፍ ነገር ያስፈልገዋል።

ችግሩ ጠፍሩ ነው። ጠፍር ያልለፋ የበሬ ቆዳ ነው፤ ርሶ በአግዳሚው ቀዳዳ ይገባል፣ ሲደርቅ ራሱን ያከራል። ሰው አልጋ ነው ይላል። ውሻ ግን ምሳ ነው የሚለው። ውጭ አገር የቤት እንስሳት መደብር ውስጥ ለውሻ ማኘኪያ ተብሎ የሚሸጠው ነገር ይኸው ያልለፋ የከብት ቆዳ ነው። ጀንዲም ቁርበትም አጎዛም በዚሁ ወደቁ።

ቀጥሎ የመጣው ጎማ ነው። ምናለሽ ተራ አሮጌ ጎማ ወደ በረባሶ፣ ወደ ገመድ፣ ወደ ውኃ መቅጃ የሚለወጥበት ሰፈር ነው፤ እዚያ የማይሠራ ነገር የለም የሚል እምነት ብዙዎቻችን አለን። ከጎማ ስትራፖ የተጎነጎነ አልጋ በእርግጥ ሊሠራ ይችላል። እኔ ግን አልመክረውም። የዘመኑ ጎማ በአብዛኛው መሃሉ የብረት ሽቦ ያለው ነው፤ ሲቆረጥ ሽቦው ጫፍ ያወጣል፣ ድድና ምላስ ይቀዳል። ሽቦ የሌለው አሮጌው ዓይነት ቢገኝ እንኳ የተጎነጎነ ነገር ሁሉ በየመገናኛው ጫፍ አለው፤ ውሻው የነከሰውን ጎማ ደግሞ ይውጠዋል። የጎማ የውስጥ ላስቲክማ ለውሻ ከጨዋታ በላይ ነው።

እንግዲህ ሸራ ተራ የደረስነው እነዚህ ሁሉ ከወደቁ በኋላ ነው።

የጭነት መኪና ሸራ ፖሊስተር ጨርቅ ሆኖ በሁለቱም ፊት በፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ደህናው በካሬ ሜትር ከ600 እስከ 900 ግራም ይመዝናል። ጥፍር ክሩን አያገኘውም፣ ምክንያቱም ክሩ ከልባጩ ሥር ነው። ሽንት አይጠጣም። በውኃ ጎማ ታጥቦ በፀሐይ ይደርቃል፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም፣ የቁንጫ እንቁላል ከውሻው ላይ እየረገፈ የሚፈለፈለው መኝታው ውስጥ ነውና። ሰፊው ለመስፋት መርፌያቸውን ሲያነሡ ጓደኛዬ ከለከለቻቸው። «ስፌት አልፈልግም ጋሼ። ሙሉውን አንድ ቁራጭ ይቁረጡልኝ፣ ማዕዘኑም አይቀደድ።» ሸራ ሰፊ ለሆነ ሰው ስፌት አልፈልግም ማለት ድፍረት ነው። ትንሽ አሰቡና፣ ማዕዘኑ ሳይቆረጥ ወደ ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ በካርቶን አጥፈው አሳዩዋት፤ ለዚያ ገንዘብ አልተቀበሉም።

ብረቱ የተሠራው ሰፈሯ ባለ ብየዳ ቤት ነው። ልኩን መውሰድ ቀላል ነው፤ ውሻው ተዘርግቶ በጎኑ ሲተኛ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሥር ይለካል፣ ጥቂት ይጨመርበታል። ለነብሮ 120 በ80 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ክፈፉ አራት ማዕዘን ቱቦላሬ ነው፣ ቁመቱ ከመሬት 15 ሴንቲ። በያጁ መጀመሪያ ያቀረበው ዲዛይን በላይ በኩል ቀጫጭን ፌሮ የተጋደመበት፣ የሕፃን አልጋ የሚመስል ነበር። ያማረ ነበር፤ ለውሻ ግን መጥፎ ነው። ቀጭን ብረት አፍ ውስጥ ይገባል። የሽቦ በር የመንከስ ልማድ ያላቸው ውሾች የክራንቻቸው ጀርባ ተበልቶ ይገኛል፣ በመጨረሻም ይሰበራል። ወፍራም ቱቦላሬ ግን ለአፍ አይመችም።

ዋናው ሥራ ከሥር ያለው ነው። ሸራው ከላይ ተወጥሮ በቱቦላሬው ጎን ወርዶ ወደ ታች ይታጠፋል፤ ጠርዙ በቱቦላሬውና በአንድ ጠፍጣፋ ብረት መካከል ይጨመቃል፣ ብረቱ በየአሥር ሴንቲው በብሎን ይታሠራል። ስለዚህ ላይ የሚታየው ሸራ ብቻ ነው። ጠርዝ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ ሁሉም ከሥር ናቸው፤ ውሻው ሊደርስባቸው ከፈለገ በጀርባው ተኝቶ እንደ መካኒክ ከአልጋው ሥር መግባት አለበት፣ በ15 ሴንቲ ክፍተት ደግሞ አይገባም። የተረፈው የብሎን ጫፍ በግራይንደር ተቆርጦ ተሞረደ። ብሎኖቹ የሚላሉ እንዳይሆኑም ታሰበበት፤ የወደቀ ዳዶ የሚውጥ ውሻ አለ፣ በብዙ ብሎኖች ላይ የሚለበጠው ዚንክ ደግሞ ሆድ ውስጥ ሲሟሟ ይመርዛል።

ብርዱስ? ከፍ ያለ አልጋ ለድሬዳዋ ወይም ለአዳማ ግሩም ነው፣ ከሥሩ አየር ያልፋል። ያው አየር በአዲስ አበባ ታኅሣሥ ጠላት ነው። እዚህ ላይ የድሮው ገለባ ተመለሰ፤ አልጋው በሦስት ጎን በተዘጋ ጣውላ ቤት ውስጥ ገባና ላዩ ላይ ጭድ ተበተነ። ያልተሰፋ ጭድ። የተሰፋው ጆንያ ሊፈታ የሚገባው ነገር ነበር፤ የተበተነ ጭድ ግን ምን ይፈታለታል? ይቆፍረዋል፣ ይበትነዋል፣ ይተኛበታል። ሲቆሽሽ ይጠረጋል።

ነብሮ አልጋውን አልበላም። አልተኛበትምም። አጠገቡ ሲሚንቶው ላይ ተጋድሞ ያየው ነበር። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የሚተኛው ግን በሚያይበት ነው፣ አልጋው ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ነበር የተቀመጠው። በሩ ወደሚታይበት ጥግ ሲዛወር ወጣበት። ጥርሱ ግን ሥራ ስላልፈታ ወደ ጫማ፣ ወደ ባልዲ፣ ወደ አንድ የጽጌረዳ ተክል ዞረ።

ጓደኛዬ አሮጌ ስልክ መስኮት ላይ አቁማ ቀረጸችው። የምትፈራው መለየትን የሚፈራ ውሻ እንዳይሆን ነበር። እንዲህ ያሉት ባለቤታቸው እንደወጣ ብዙ ሳይቆዩ ይጀምራሉ፤ ያለከልካሉ፣ ለሃጭ ያዝረበርባሉ፣ የሚያጠቁት መውጫውን ነው። እነሱ የሚያስፈልጋቸው ሐኪምና ትዕግሥት ነው፣ አልጋ አይደለም። ነብሮ ግን ስትወጣ ዞር ብሎም አላያትም። ተኛ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ተነሣ፣ ተንጠራራ፣ ግቢውን ዞረ፣ ዛጋ፣ ከዚያ ባልዲውን አነሣ።

የግቢው ዘበኛ ቪዲዮ አላስፈለጋቸውም። «እትዬ፣ እሱኮ የቸገረው አልጋ አይደለም» አሏት። «ሥራ ነው።»

አዲስ አበባ ውስጥ የጥበቃ ውሻ ኑሮ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ቀን ታስሮ ወይም ታጥሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል። በግ ሲያግድ እንዲውል የተዳቀለ ዝርያ ከአንድ የብረት በር በቀር የሚያየው የለም። እኔ ለዓመታት በሰንሰለት የሚውል ውሻ «አጥፊ» ሲባል ስሰማ ስድቡ የተሳሳተ አድራሻ የሄደ ይመስለኛል። ቁጣም አይረዳም። ውሻው ከሰዓታት በፊት ያደረገውን አሁን ከሚወርድበት ዱላ ጋር አያገናኘውም። «ጥፋቱን ያውቃል፣ ፊቱን እዩት» የሚሉ አሉ። በኒውዮርክ ባርናርድ ኮሌጅ የምታስተምረው አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ ይህንኑ ፊት ፈትናዋለች፤ በ2009 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናቷ ያ የጥፋተኛ ፊት የመጣው ውሻው በማጥፋቱ ሳይሆን ባለቤቱ በመቆጣቱ ነበር። ምንም ያላደረጉትም ሲገሠጹ ያንኑ ፊት አሳዩ።

ስለዚህ ጓደኛዬ ማለዳ ከነብሮ ጋር መንገድ መውጣት ጀመረች። የቀኑ ምግቡ ሳህን ላይ መቅረቡ ቀርቶ ሣሩ ውስጥ ይበተንለታል፤ ሲያሸትት ሲፈልግ ረፋዱ ያልፋል። ሥጋ ቤቱ አጥንት በነፃ ይሰጣታል፣ ይህ ግን በልክ ነው፤ የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቅና ይወጋል፣ እጅግ ጠንካራው ጥርስ ይሰብራል። ጥሬ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መወርወር የሚባል ልማዳችንንም እዚሁ ላይ ልቃወመው፤ የውኃ ፊኛ የመሰለ ከረጢት የሚሠራውን ጥገኛ ትል ከከብት ወደ ውሻ፣ ከውሻ ወደ ሰው የሚያዞረው እሱ ነው።

ክረምቱ ሲያልፍ አልጋውን ልናይ ሄድን። ሸራው ላይ የጥፍር ጭረት አለ፣ ቀዳዳ የለም። ትንሽ ረግቦ ስለነበር ብሎኖቹ እንደገና ጠበቁ። በያጁ እየሠራ ሳለ ዘበኛው መጡና እጃቸውን በሸራው ላይ ጫን ጫን አድርገው ሞከሩት። እሳቸው የሚያድሩት ሰርቪስ ቤቱ በር ላይ፣ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር አጋጥመው ነው።

«እትዬ፣ በሰው ልክም ይሠራሉ?»

ጓደኛዬ ወደ በያጁ ዞረች። እሱ ሜትሩን አወጣ፣ ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራስ ለካቸው። ሁለት ሜትር በዘጠና ይሆናል አለ፤ ርዝመቱ ስለሚበዛ መሃል ላይ ሁለት ተጨማሪ እግር ይፈልጋል፣ ሸራውም ድርብ ቢሆን ይሻላል። ዋጋው ግን እንደሚፈራው አይወደድም፤ የሚቦጭቀው ስለሌለ ጠርዙን ከሥር በብረት መጨፍለቅ አያስፈልግም፣ በገመድ መወጠር ይበቃዋል።